የጲላጦስን ወታደር ምን እናልብሰው? የሮማ ትጥቅ ጥናት የሚገኝባቸው መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ዓመት በጥር መጨረሻ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ወርክሾፔ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ለስቅለቱ ድራማ ስድስት የሮማ ወታደር እንፈልጋለን» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ ቀሚስ፣ ደረቱ በብረት ንጣፍ የተሸነሸነ፣ አራት ማዕዘን ጋሻ፣ የራስ ቁሩ ላይ ቀይ ጎፈር። «እንደዚህ አርገህ ሥራልን። ግን ትክክለኛው ይሁን። ባለፈው ሰው ስቆብናል።»

እኔ የመድረክ ዕቃ ሠሪ ነኝ። ዘውድ፣ ዙፋን፣ ጋሻ፣ የእንጨት ጠመንጃ፣ ምን የማልሠራው አለ። «ትክክለኛ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ግን እምብዛም አይመጣልኝም። ቆርቆሮ ከመቁረጤ በፊት ትንሽ ላንብብ ብዬ ተነሣሁ። ጭራሽ ሌላ ዓለም ውስጥ ገባሁ። የሮማን ወታደር ትጥቅ ብቻ ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ምሁራን አሉ። ትጥቁን ራሳቸው ሠርተው፣ ለብሰው፣ ተራራ የሚወጡ ሰዎችም አሉ። ሪኢናክትመንት ይሉታል። የካቲት 23 ቀን ጎፈር አድርገው ጋሻ ይዘው አደባባይ የሚወጡትን ወገኖቻችንን አስቡ፤ እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሠሩት፣ ስለ እያንዳንዷ ዘለበት እየተከራከሩ።

ችግሩ መረጃ ማጣት አልነበረም፤ ከየትኛው በር መግባት እንዳለብኝ አለማወቄ ነው። መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቦታ መጨረሻ ሄጄ ብዙ ሳምንት አቃጠልኩ። እናንተ ለመድረክም ይሁን ለጥናት፣ ወይም እንዲሁ ነገሩ ስለሚማርካችሁ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ በሮቹን በየተራ እናያቸዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበሩ በፊት ጥያቄው

«የሮማ ወታደር ምን ይለብስ ነበር?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጠፋችሁ። ያ ሠራዊት ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ነው። «በ1900ዎቹ ሰው ምን ይለብስ ነበር» እንደማለት ይሆናል፤ እንዲያውም ይብሳል። የእኔ ጥያቄ ሲጠብ እንዲህ ሆነ፦ በ30 ዓ.ም. ገደማ፣ በይሁዳ፣ በጲላጦስ ሥር የነበረ ተራ ወታደር ምን ይለብስ ነበር? ቦታ፣ ዘመን፣ የወታደሩ ዓይነት። ሦስቱን ካልያዛችሁ የትኛውም ምንጭ አይጠቅማችሁም። ከዚህ በታች የምመዝነው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ነው።

ፎቶና ቪዲዮ

ይሄ የሁላችንም የመጀመሪያ በር ነው። ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ያሳስታልም። ከዚህ በር ገብቼ 12 የክንድ ቆዳ ሰፋሁ፤ ፊልም ላይ ሁሉም ወታደር አንጓው ላይ የሚያስረውን ሰፊ ቆዳ። ከመርካቶ ጥሩ ቆዳ ገዝቼ፣ በእጄ ሰፍቼ። በኋላ ሳጣራ የሮማ ወታደር እንዲህ ያለ ነገር ያደርግ እንደነበር የሚያሳይ ግኝት የለም። ከፊልም አልባሳት ክፍል የወጣ ልማድ ነው። ቆዳዎቹ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አሉ፤ የምትፈልጉ ካላችሁ።

ፎቶ የሚጠቅመው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ የዕቃውን ስም ለማወቅ። ስሙን ካገኛችሁ ዝጉትና ውጡ።

ለብሰው የሚያሳዩት

ሪኢናክተሮችን ብዙ ምሁር ይንቃቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1972 የተመሠረተው ኧርሚን ስትሪት ጋርድ የሚባለው ቡድን ከተመራማሪዎች ጋር እየተመካከረ ነው ትጥቁን የሠራው። ማርኩስ ዩንከልማን የሚባል ጀርመናዊ ታሪክ ጸሐፊ በ1985 ሰዎች አስከትሎ፣ ሙሉ ትጥቅ ተሸክመው፣ ከጣልያን ቬሮና ተነሥተው የአልፕስን ተራራ በእግር አቋርጠው ጀርመን አውግስበርግ ገብተዋል። ጫማው የት ጋ እንደሚያልቅ፣ ሸክሙ ትከሻን የት ጋ እንደሚቆርጥ መጽሐፍ አይነግራችሁም። እነሱ ይነግሯችኋል።

የኮርቻው ነገር ደግሞ ለብቻው ያስገርማል። የሮማ ፈረሰኛ እርካብ አልነበረውም። ታዲያ እንዴት ሳይወድቅ ይዋጋ ነበር? ፒተር ኮኖሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊና ተመራማሪ ከቁፋሮ የወጡ የቆዳ ቁርጥራጮችን እያየ አራት ቀንድ ያለው ኮርቻ ሠራ። ሁለቱ ቀንድ ከፊት ጭኑን ይዘው፣ ሁለቱ ከኋላ ወገቡን ደግፈው። ፈረስ ላይ አድርገው ሞከሩት፤ ያዘ። በ1991 ከቆዳ ተመራማሪዋ ካሮል ቫን ድሪል-መሪ ጋር ሆነው በምሁራን ጆርናል ላይ አወጡት። ውስጡ እንጨት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክር ግን አላለቀም። በእጅ መሥራትና በወረቀት ማጥናት ሲገናኙ እንዲህ ነው።

ጉድለታቸው ሌላ ጋ ነው። አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። ደግሞ አብዛኛው መልበስ የሚፈልገው ያንኑ ሽንሽን ጥሩር ነው፤ ያምራላ! ስለዚህ በፎቶ የምታዩት ሠራዊት ከእውነተኛው ይልቅ የፋሽን ምርጫ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው። አንዱን «ይሄ ከየትኛው ግኝት ነው የተቀዳው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጎበዙ የቦታውንና የሙዚየሙን ስም ይነግራችኋል። ሌላው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ይላል። ያንን አመስግናችሁ እለፉት።

የጥንት ጸሐፊዎች

እነዚህ በእንግሊዝኛ ትርጉም በነጻ ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ፋይላቸው ትንሽ ነው፤ ዳታ አይበላም። ችግሩ ሁሉም አንድ አይደሉም። ፖሊቢዮስ ትጥቁን ቁልጭ አድርጎ ይዘረዝራል፤ ነገር ግን ከጲላጦስ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ቬጌቲየስ ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ መጥቶ የድሮውንና የራሱን ዘመን አደባልቆ ይጽፋል። ለእኔ ጥያቄ ሁለቱም ርቀውኛል።

ወርቅ የሆነልኝ ዮሴፍ ነው፤ ያ በ67 ዓ.ም. በገሊላ ሮማውያንን ራሱ የተዋጋቸው አይሁዳዊ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ የምናውቀው የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን «ዜና አይሁድ» ይሄ አይደለም። እሱ በመካከለኛው ዘመን በዕብራይስጥ የተዘጋጀ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የገባ ሌላ ድርሰት ነው። ክቡር መጽሐፍ ነው፤ ለወታደር መታጠቂያ ግን አይጠቀስም። የምትፈልጉት በግሪክኛ የተጻፈውን ነው።

እሱ ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንደኛ፣ ስለ 44 ዓ.ም. ገደማ ሲጽፍ በዚያ አገር የሰፈረው ጦር አምስት ሻለቃ የሚያህል እግረኛና አንድ የፈረሰኛ ክፍል ሲሆን፣ ሰዎቹም የቂሣርያና የሰባስቴ ተወላጆች እንደነበሩ ይናገራል። የሮማ ዋና ጦር የሆኑት ሌጌዎኖች ሶርያ ነበሩ። ማለትም የጲላጦስ ወታደር በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተመለመለ ረዳት ጦር እንጂ ከሮም የመጣ ሌጌዎን አልነበረም። ያቺ ልጅ ያሳየችኝ ፎቶ ደግሞ የሌጌዎን ወታደር ነው። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የድሮ የቁፋሮ ሪፖርት

ይሄን በር ነው መጀመሪያ ማንኳኳት የነበረብኝ። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ትልልቅ ሪፖርቶች ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው በነጻ ተቀምጠዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ኒውስቴድ የሚባለውን የሮማ ምሽግ ጄምስ ከርል የሚባል ጠበቃ ከ1905 እስከ 1910 አስቆፍሮ በ1911 ያወጣው መጽሐፍ አለ። የራስ ቁር፣ የጥሩር ስባሪ፣ ጫማ፣ የፈረስ ዕቃ፣ ሁሉም በፎቶና በሥዕል። ጀርመኖችም የድንበር ምሽጎቻቸውን ጥናት በብዙ ቅጽ አትመው፣ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አውጥቶታል። ጀርመንኛ አልችልም ብላችሁ አትሽሹ። ሥዕሉ ቋንቋ የለውም፤ ጽሑፉን የስልክ መተርጎሚያ ይወጣዋል።

የድሮ ሪፖርት ዕቃውን ለማየት ወደር የለውም። ዕቃው እንዴት ይለበስ ነበር ሲል ግን ተጠንቀቁ። ለዚህ የምትይዟት ዓመት 1964 ናት። በዚያ ዓመት ሰሜን እንግሊዝ ኮርብሪጅ ላይ፣ ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ፣ በብረት የታሰረ የእንጨት ሳጥን ከመሬት ወጣ። ውስጡ መሣሪያ፣ የጦር ጫፍ፣ ምስማር፣ እንዲሁም የሽንሽኑ ጥሩር ክፍሎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ንጣፎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ሰው በግምት ነበር የሚሥለው። ያ ሳጥን ሲጠና ንጣፎቹ ከውስጥ በኩል በቆዳ ጠፍር ላይ ተመትተው እንደተያያዙ ታወቀ። ራስል ሮቢንሰን የሚባለው የትጥቅ ባለሙያ በዚህ ላይ ተመሥርቶ መልሶ ሠራው፤ በ1975ም መጽሐፉን አወጣ። ስለዚህ ከ1964 በፊት የታተመ ሥዕል ላይ ሽንሽን ጥሩር ካያችሁ አትገልብጡት። በነገራችን ላይ ይህ ጥሩር «ሎሪካ ሴግመንታታ» ይባላል፤ ሮማውያን ራሳቸው ግን በዚህ ስም አልጠሩትም። ዘመናት ካለፉ በኋላ ምሁራን ያወጡለት ነው።

የሙዚየምና የግኝት መዝገብ

ነጻ ነው፤ ለእጅ ሙያተኛ ከሁሉም ይበልጣል። ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ያለውን የዱራ ዩሮፖስ ጋሻ ግቡና እዩት። ሶርያ በረሃ ውስጥ የወጣ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ አንበሳና ንስር የተሣለበት፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ። ያ የምናውቀው ጎበጥ ያለ አራት ማዕዘን ጋሻ ከነአካሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። እሱም የ3ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከጲላጦስ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ። ይሄን ማወቅ ብቻ ስድስት ጋሻ ከመሥራት አዳነኝ።

በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ተራ ሰዎች መሬት ውስጥ ያገኙትን ዕቃ የሚመዘግብ ፖርተብል አንቲኩዊቲስ ስኪም የሚባል ፕሮጀክት ከ1997 ጀምሮ አለ። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቦበታል። የመታጠቂያ ዘለበት ብትፈልጉ በፎቶ፣ በሚሊ ሜትር፣ በግራም ታገኛላችሁ። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከእርሻ መሬት ለብቻው ስለሚነሣ ከምን ጋር እንደነበር አይታወቅም። መጠን ለመውሰድ እንጂ ዘመን ለመቁረጥ አትመኑበት።

ለእኔ ቅርብ የሆነው የእስራኤሉ ነበር። የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን ብዙ የቁፋሮ ዘገባ በነጻ ያወጣል። በ67 ዓ.ም. በሮማውያን የተደመሰሰችው ጋምላ የምትባል ከተማ ላይ ወደ 1,600 የሚሆን የቀስት ጫፍ ተለቅሟል። የሽንሽን ጥሩር ቁርጥራጭም አለ። ያ ግን ሌጌዎኖቹ ከመጡ በኋላ ነው፤ ከስቅለቱ ወደ አርባ ዓመት ይርቃል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ትጥቅ አይደለም። ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ ቪንዶላንዳ ላይ ከ1973 ጀምሮ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ወጥተዋል፤ ጽሑፋቸው ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር በነጻ ይነበባል። አንዱ ላይ ላኪው ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪ እንደላከ ይጽፋል። በቃ ይሄ ነው። ለልጁ ብርድ ብርድ ብሎት ሹራብ የሚልክ የእኛ ቤተሰብ ነው የመሰለኝ።

ጆርናልና መጽሐፍ

ኪስ የሚጎዳው በር ይሄ ነው። ለአንድ መጣጥፍ ብዙ ጊዜ 30 ዶላር አካባቢ ይጠይቃል። ከፍላችሁ አትግቡ፤ መጀመሪያ ሌላ ሦስት መንገድ አለ።

አንዱ ጄስቶር የሚባለው፣ የምሁራን ጆርናሎች የተሰበሰቡበት ድረ ገጽ ነው። በነጻ አካውንት ስትከፍቱ በወር እስከ 100 መጣጥፍ ስክሪን ላይ ታነባላችሁ፤ ማውረድ ግን አይቻልም። የሮማን ብሪታንያ የሚያጠናው «ብሪታኒያ» የሚባለው ጆርናል እዚያ አለ። ያ የኮርቻ መጣጥፍም እዚያ ነው ያለው። ከሁሉም አዲሶቹ ዕትሞች ላይገኙ ይችላሉ። ለእኔ ቢጤ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ተማሪ ወይም መምህር ከሆናችሁ ተቋማችሁ የተመዘገበባቸውን የመረጃ ቋቶች ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ከፍሎ የሚያነበውን ግቢው ውስጥ በነጻ እንደሚያገኘው አያውቅም። ውጪ ሰው ከሆናችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ «ነገ ና» ተብዬ ትቼዋለሁ፤ እናንተ የተሻለ ይቅናችሁ።

ሦስተኛው ደራሲውን መጻፍ ነው። ማፈር አያስፈልግም። አጭር ኢሜይል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን መጣጥፍ እንደምትፈልጉ፣ ለምን። እኔ «ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ድራማ ወታደር እሠራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ መጣልኝ፤ ሲጨርሱ ፎቶ ይላኩልኝ ከሚል መልእክት ጋር። ምሁር ሥራው ሲነበብለት ደስ ይለዋል።

በትጥቅ ላይ ብቻ የሚያተኩር ጆርናልም አለ፤ «ጆርናል ኦፍ ሮማን ሚሊተሪ ኢክዊፕመንት ስተዲስ» ይባላል፣ ከ1990 ጀምሮ ይወጣል። ጥልቅ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። አንድ መጣጥፍ ሙሉ ስለ አንዲት ማጠፊያ ሊያወራ ይችላል።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ግዛ ብትሉኝ የቢሾፕና የኩልስተንን ነው የምላችሁ። መጀመሪያ በ1993 ወጣ፤ ሁለተኛውን፣ የ2006ቱን እትም ውሰዱ። ከሮማ ሪፐብሊክ ዘመን እስከ መጨረሻው ዕቃውን በየዘመኑ ይዘረዝራል፤ ምን ያህሉ ከቁፋሮ፣ ምን ያህሉ ከቅርጻ ቅርጽ እንደመጣም ይለይላችኋል። እዚህ አገር መሸጫ አላገኘሁለትም። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ከሽሮና ከበርበሬ ተቃራኒ አቅጣጫ የሄደ ዕቃ ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍስ? ሞክሬው ነበር። ከመብቱ ጥያቄ ሌላ፣ ያገኘሁት ኮፒ የሥዕል ገጾቹ በሙሉ የሉበትም። የትጥቅ መጽሐፍ ያለ ሥዕል ምን ያደርጋል!

ታዲያ የትኛውን?

አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁና ልብስ መሥራት ከፈለጋችሁ የሙዚየም መዝገብና አንድ ጥሩ ሪኢናክተር ይበቃሉ። ጊዜ ኖሮ ብር ከሌለ የድሮ ሪፖርት አንብቡ፤ ከዚያ የተነበበውን በጄስቶር አዳዲስ መጣጥፎች አርሙ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ዕቃውን ካላያችሁ ክርክሩ አይገባችሁም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ መጽሐፉና ቤተ መጻሕፍቱ ግድ ነው።

ስትፈልጉ ቃሉን በላቲንና በጀርመንኛም ጻፉት፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግማሹ ያመልጣችኋል። «ኤትዮጵያ» ብላችሁ ከሮማ ጋር ከፈለጋችሁ ደግሞ የሚመጣላችሁ መርዌ ነው፤ ግሪኮችና ሮማውያን በዚያ ስም የሚጠሩት ኑብያን ነበርና። እኔ አንድ ሙሉ ማታ የአክሱም መስሎኝ የኑብያን ጦርነት ሳነብ አደርኩ። አልቆጨኝም።

ወደ ዮሴፍ ሁለተኛ ስጦታ ልመለስ። ጲላጦስ ለውኃ ቦይ የቤተ መቅደሱን ገንዘብ ሲነካ ሕዝቡ ተቆጥቶ ተሰበሰበ። ጲላጦስም ወታደሮቹን የተራ ሰው ልብስ አልብሶ ሕዝቡ መሐል ቀላቀላቸው። በሰይፍ ሳይሆን በዱላ እንዲመቱ አዘዛቸው። ይሄን ሳነብ ቆርቆሮውን ሁሉ ጥግ አስቀመጥኩት። የዚያ ዘመን የወታደር የመቃብር ድንጋይ ላይም ብዙዎቹ ጥሩር ሳይለብሱ ነው የተቀረጹት፦ ቀሚስ፣ መታጠቂያ፣ ሰይፍ፣ አንዳንዱ ላይ የእኛን በርኖስ የመሰለ ካባ።

ስለዚህ አራቱን ያልተነከረ ጥጥ ቀሚስ፣ ሰፊ መታጠቂያና ዱላ ሰጠኋቸው። ለሁለቱ የቀለበት ጥሩር አለበስኩ፤ ከወፍራም ክር ተጠልፎ ብርማ ቀለም የተነፋ። ልጅቷ መጥታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ወታደር አይመስሉም እኮ። ቀዩ ጎፈርስ?»

ለዚህ ተዘጋጅቼበት ነበር። ኦስትሪያ ካርኑንቱም ላይ የተገኘ የአንድ መቶ አለቃ የመቃብር ድንጋይ አለ፤ የራስ ቁሩ ላይ ጎፈሩ ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከጆሮ ወደ ጆሮ ነው የቆመው። መቶ አለቃ ደግሞ ድራማው ውስጥ አለ። መጥረጊያ ገዝቼ፣ ጭራውን ቆርጬ፣ ቀይ ነክሬ፣ አግድም አቆምኩለት። ከስድስቱ አንዱ ብቻ። እሷም ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ ያነሣችው እሱን ነው።